የጫፍ ዕድሜ

ጥቅምት ነው፤ ጠባሴ አመዳይ ለብሷል፤
የፋብሪካው ጩኸት ሌሊቱን ጨርሷል።
ከማታ ፈረቃ ወጥቼ፣ ሳልተኛ፣
እጥፍወርቅ ቤት ገባሁ፤ ወረፋዬ ሦስተኛ።

ካስኩ ሥር ሙሽራ፣ ቢጎዲን ደርድራ፤
በር ላይ አንዲት ተማሪ፣ ስልኳ ውስጥ ተሰውራ።
ተራዬ ሲደርስ፣ ጓንቷን እያጠለቀች፣
"ሪላክሰር ነው አይደል?"
"አዎ፤ እስከ ጫፉ" ስላት
መልሳ አወለቀች።

ፀጉሬን በመዳፏ ይዛ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።
"እዪው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ርዝመት አለው፤ ሌላ ምን አለው?
ሥሩ የሁለት ወር ጨቅላ ነው፤ ወገቡ የካቻምና፤
ጫፉ ግን አራት ዓመቱ፤ ሽማግሌ ነው፣ ያዢው በትሕትና።
ስንቱን መድኃኒት ጠጥቷል፣ ስንቱን ካውያ ቀምሷል፤
ዛሬ ደግሞ ብትጨምሪበት፣ ከየት አምጥቶ ይታገሣል?"

አራት ዓመት።
ከመሐል ሜዳ ባናዬን ጠቅልዬ ስመጣ፣
ይኼ ጫፍ ሥር ነበር፤ ከቆዳዬ ገና ሲወጣ።
ትርንጎ ናት፣ በተከራየናት ክፍል፣ ሳፋ ውኃ አሙቃ
ክሬሙን የቀባችኝ፣ ከመመሪያው ርቃ፤
"ይቆይ፣ ትንሽ ይቆይ" እያለች፣ ጆሮዬ እስኪላጥ ድረስ፤
አከራያችን ከግድግዳው ወዲያ ሳቃችንን ስትከስስ።
አሁን ሸዋ ሮቢት ናት፣ ቆላ ወርዳ፣ አግብታ፤
አልፎ አልፎ ትደውላለች፣ በሰንበት ማታ።

አባቴም የሞተው ይኼ ጫፍ ትከሻዬን ሲነካ ነው።
አርባ ቀን በጥቁር ሻሽ፣
ሳላበጥር፣ ሳላጥብ አሰርኩት።
ምናልባት ያኔ ይሆናል የተሰነጠቀው።

እኔ ክር ሠራተኛ ነኝ። የሳሳ ነገር አውቃለሁ።
ማሽኑ ላይ ክሩ ሲቀጥን፣ ሳይበጠስ በፊት፣ በጣቴ እሰማለሁ፤
አቁሜ እቋጥራለሁ።
ፀጉር ግን ቋጠሮ አያውቅም።
እጥፍወርቅ ይኼን ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ሕጓን ጀመረች፤
ሙሽራዋም ከካስኩ ሥር ጆሮዋን አወጣች፦

"መድኃኒቱ ከሥሩ፣ ለበቀለው ብቻ፤
የተለሰለሰው ላይ ምን አለው ዘመቻ?
ከመታጠብሽ በፊት ጫፉን ዘይት አጠጪው፤
ሚዶ ከታች ይጀምር፣ ከላይ አትጎትቺው።
ፔስትራ ለዓመት በዓል፤ የሰርክ ልብስ አይደለም።
ይኼ የሱፍ ሻርብሽ ደግሞ…" ነካ አድርጋ፣ "የመንዝ በግ ነው፤
በግ ፀጉሩን ሰጥቶሽ ያንቺን እየበላው ነው።
ከሥሩ ሳቲን አድርጊ። ሌሊትም ሻሽ እሰሪ፤
የምትሠሪው ብርድ ልብስ ነው የሚሞርድሽ፣ እመኚኝ፤
ለሱ ስትለፊ አድረሽ ለሱው ደግሞ አትገብሪ።"

"ይቆረጥ?"
"ይቆረጥ። አራት ጣት።"
"ሁለት።"
"እንደ ቅዳሜ ገበያ!"
ሦስት ላይ ተስማማን።

መቀሱ በረደኝ። ሲወድቅ ድምፅ የለውም፤
ወለሉ ላይ ሲታይም ያን ያህል አይሞላም፤
አራት ዓመት ሙሉ፣ ለዚህ ነው የሳሳሁለት?
ተማሪዋ እግሯን አነሣች፣ መጥረጊያው አለፈበት።
የትርንጎ ክሬም፣ የአባቴ አርባ ቀን፣
ከማን ከማን ፀጉር ጋር ተደባልቆ ሄደ፤
እኔም ዝም አልኩኝ፤ ቅር አለኝ አልልም፣
ደስ አለኝም አልል፤ ብቻ አንገቴን በረደው።

"መድኃኒቱ በሁለት ሳምንት" አለች፤ "ዛሬ ይረፍ።"
የመቁረጫውን ብቻ ከፍዬ ወጣሁ።
የበሬሳ ነፋስ መጣ። ፀጉሬ አንገቴን ነካኝ፤
ወፍራም፣ እኩል፣ እንደ መጥረጊያ ጫፍ የተሰበሰበ፤
እጄ እየሄደ ይነካዋል፣ ልጅ እንደሚዳብስ፣
ሻርቡን ገልብጬ፣ በከረባት ሱቁ መስታወት ቆሜ።

ለትርንጎ ጻፍኩላት፦ "ጫፌን ቆረጥኩት።"
ቤት ሳልደርስ መለሰች፦
"ጆሮሽስ ዳነ?"